እምቦሳ እሰሩ የሚል የጠፋበት በር

እንጅባራ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለምስጋናው፤

የዘንገናን ሐይቅ ከአፉ ሳያጎድል ያቆየ አምላክ አንተንም ሳያጎድል ያቆይህ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ጡረታ የወጣው ከእኔ ጋር ስለሆነ አልፈርድበትም። እናትህ ዋጋዬ ድንቿን አውጥታ ጨርሳለች፤ ሰላም ብላሃለች፤ አልከሳህም ወይ ብላሃለች።

ይህን ደብዳቤ ወደ ዶሃ ለሚመለሰው ለአዝመራው በእጁ ሰጥቼዋለሁ። በስልክ ያልላክሁበትን ምክንያት መጨረሻው ላይ ታገኘዋለህ፤ ዘለህ እንዳታነብ።

ለአቶ ወገኔ አዲስ ሆቴል የታዘዘው በር ደርሷል። መንገድ ላይ አንድ ኬላ ይዞት ነበር አሉ። ሰነዱ «አውቶማቲክ ተሽከርካሪ በር» ስለሚል ታርጋው የታለ ተባለ። ሾፌሩ በር እንደሆነ ቢያስረዳ፣ «በር ከሆነ ለምን ይሽከረከራል?» አሉት። እኔም ለዚህ ጥያቄ እስካሁን በቂ መልስ አላገኘሁም።

ቀጥሎ ከአዲስ አበባ ገጣሚዎች ይመጣሉ ተባለ። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ገጣሚ ሲባል የሚመጣብኝ ሌላ ስለሆነ ሸሚዝ ቀይሬ ጠበቅኋቸው። መሰላልና መሰርሰሪያ ይዘው ወረዱ። ሥራቸው ግን እውነትም ግጥም ነው፤ አራት የመስታወት ክንፍ፣ ክብ ወለል፣ ከላይ የማይታይ ሞተር። ሰው ሲጠጋ በሩ በራሱ ይዞራል። አዙረው አሳዩን፣ ፎቶ ተነሡና ሄዱ። በማግሥቱ በሩ ቆመ። ስናጠፋና ስናበራው ይዞራል፤ እንግዳ ሲመጣ ይቆማል። እንግዶቹን በሻንጣ ማስገቢያው የጎን በር እናስገባለን። ከተማው ስሙን «ወፍጮው» ብሎታል። ትናንት አንዱ የገብስ ጆንያ ተሸክሞ መጥቶ ተራ ጠየቀኝ፤ እየቀለደ መሆኑን ያወቅሁት ከሄደ በኋላ ነው።

አቶ ወገኔን ታውቀዋለህ። ከአዲስ ቅዳም በከሰል ንግድ ተነሥቶ እንጅባራ ላይ በመስታወት ያረፈ ሰው ነው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ያደረገኝም፣ እንግዳ ከተማሪ አይብስም ብሎ ነው። በሩን የገዛው በአንተ ቃል ነው። የእንጅባራን ነፋስና ብርድ የሚያስቀር ምን ዓይነት በር ነው ብሎ ሲጠይቅህ ይህን ነው ያልኸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እንዳዘዝኸኝ፣ ልጁን ቤዛዊትን ለአንተ ለመጠየቅ ሽማግሌ ልንልክ እንደምናስብ በቀስታ ጣል አደረግሁለት። እሱ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ በሩ አየ።

«መምህር፣ ልጁ ያስገዛኝ በር ደጃፌ ላይ ቆሞ ቀርቷል። በሩ ሳይዞር ሽማግሌ እንዳይመጣብኝ። የበር ነገር ያላወቀ የቤት ነገር አያውቅም» አለኝ።

ሆቴሉ የሚመረቀው በአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ጥር 23 ነው። እስከዚያ ካልዞረ ያስነቅለዋል። የዳንግላው የአሉሚኒየም ሠራተኛ እንዳልካቸው ደግሞ ባለ ሁለት ተከፋች በር በነፃ እሠራለሁ እያለ ሜትር ይዞ ይመላለሳል። በነፃ የሚሠራ ሰው ዋጋውን ከሌላ ቦታ ይጠብቃል። እሱም ሽማግሌ እያዘጋጀ ነው አሉ።

ለምን በስልክ አልላክሁም? ከእንግዲህ ደብዳቤዎቼን ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም የምትልክልህ፣ ያንተንም አትማ የምትሰጠኝ ራሷ ቤዛዊት ናት። ሒሳብ ሠራተኛዋም እንግዳ ተቀባይዋም እሷ ናት፤ የማተሚያ ማሽኑም ያለው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩን «ሌላው ጉዳይ» እንለዋለን። ስሟን እንዳትጽፍ።

አጎትህ አድማሴ


ዶሃ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር አድማሴ፤

ጋሼ፣ ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ፤ እንደሚያምዎ ስለነገሩኝ በቀስታ ነው የሳምሁት። እኔ ደህና ነኝ። አሁን በር የምጠግነው አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ነው። እንደኛው ያሉ በሮች አሉት፤ በሽተኛ በዊልቸር ይገባባቸዋል፣ ሐኪም እየሮጠ ይወጣባቸዋል። እማዬን አልከሳሁም ይበሉልኝ።

ስለ በሩ። ይህ ዓይነቱ በር ሲቆም ሁልጊዜ ተበላሽቶ አይደለም። ሰው እንዳይጎዳ ተብሎ ፈሪ ሆኖ የተሠራ ነው። ክንፎቹ ጫፍ ላይ ላስቲክ አለ፤ ተረከዝ ሲነካው ይቆማል። ከላይ ሴንሰር የሚባሉ ዓይኖች አሉ፤ መንገዱ ላይ የማይንቀሳቀስ ነገር ሲያዩ ይቆማል። ስለዚህ ጥያቄው «ምኑ ተሰበረ?» ሳይሆን «ምን አስፈራው?» ነው።

መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ ይዩልኝ። እሱ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ነው፤ ማንም ከተጫነው በሩ ይሞታል። ቀጥሎ ከጣሪያው ክዳን ሥር ትንሽ የቁጥር መስኮት አለ። በሩ በቆመበት ሰዓት ምን እንደሚል ያስነብቡልኝ።

ሌላው ጉዳይ እንዴት ነው? የእንጅባራ ብርድ እንዳይመታው ይጠንቀቁልኝ።

ልጅዎ ምስጋናው


እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምስጋናው፤

ሰላምህ እንደ ጥርባ መስክ ይስፋ። ሌላው ጉዳይ ጃኬት ለብሷል፤ አታስብ።

ቀይ ቁልፉን አገኘነው። ወንጀለኛው ማንም አይደለም፤ ሁሉም ነው። ዘበኛችን ደጉ መጥሪያ መስሎት፣ የመጣውን ሰው ሁሉ «ሳትደውል አትግባ» እያለ ሲያስጫነው ከርሟል። ሰው ይጫናል፣ በሩ ይሞታል፣ ደጉም «አልሰሙም መሰል፣ ድገመው» ይላል። አሁን የቆርቆሮ ክዳን አበጅተንለታል። ደጉ ለቁልፉ ሰላምታ መስጠት እንኳ አቁሟል።

ያን ቀን በሩ እስከ ማታ ዞረ። አቶ ወገኔ ከፊቱ ቆሞ እንደ መስኖ ውኃ ሲያየው ዋለ። በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር፤ እንደገና ቆመ። የቁጥሩን መስኮት ቤዛዊት ወንበር ላይ ወጥታ ፎቶ አንሥታልሃለች፤ ከዚህ ጋር ይደርስሃል። ከወንበሩ ስትወርድ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«መምህር፣ ይኼ ‹ሌላው ጉዳይ› የምትሉት ምንድን ነው? ብርድ የሚፈራ ከሆነ እኔም ልወቀው።»

የእህቴ ጥጃ ነው አልኋት።

«ጃኬት የሚለብስ ጥጃ?»

ደጋ ነው አልኋት። ይህንኑ ገጽ ፎቶ ልታነሣ እጇን ዘረጋች። የምጽፈውን ስለምታየው ከዚህ በላይ አልጨምርም።

አጎትህ አድማሴ


ዶሃ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመምህር አድማሴ፤

ጋሼ፣ ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ፎቶው ግልጽ ነው፤ ላነሣችው ሰው ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ወንበር ላይ ስትወጣ የሚይዝላት ሰው ይኑር።

ቁጥሩ የሚለው «መንገዴ ላይ የቆመ ነገር አለ» ነው። ሞተሩ ደህና ነው። ምናልባት የጠዋቱ ጉም ዓይኖቹን ጋርዷቸዋል፤ በደረቅ ጨርቅ ያስጠርጉልኝ። ምናልባት ወለሉ ላይ ጠጠር አለ። የሚገባው ሰው ጋቢውን ወይም ዱላውን ወደ ኋላ አስረዝሞ ይሆናል። እነዚህን ካዩ በኋላ አሁንም ከቆመ፣ ሁሉም ሰው ሲገባ ነው ወይስ አንዳንዱ ሲገባ ብቻ የሚቆመው? እዚህ ያሉት በሮች በቀን ስንት ዓይነት ሕዝብ ሲያስገቡ ይህን ያህል አይፈሩም። የኛ አገር ሰው ምን ቢያደርገው ነው?

ስለ ጥጃው ሰምቻለሁ። ጤናማ ጥጃ ነው?

ልጅዎ ምስጋናው


ዶሃ፣ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመምህር አድማሴ፤

ጋሼ፣ እንኳን ለልደቱ አደረስዎ፤ ለጥምቀቱም በሰላም ያድርስዎ። መልስ ዘገየብኝ። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው እንዳልል፣ ደብዳቤዬ እንደተነበበ ስልኬ ላይ ይታየኛል።

አዝመራው ወደ ቤት ደውሎ ነበር። የእንዳልካቸው ፒካፕ ሆቴሉ ደጃፍ አሉሚኒየም ሲያራግፍ ታይቷል ብለውታል። እውነት ከሆነ ይንገሩኝ፤ እውነቱን ማወቅ ይሻለኛል። በሩ ተነቅሎ ከሆነ ለአቶ ወገኔ ዕዳዬን በሥራ እከፍላለሁ። ስለ ሌላው ጉዳይ ግን ምን እንደምል አላውቅም። ዛሬ ሆስፒታሉ ውስጥ አንዱን በር ስፈታ ቡሎን አዙሬ አስሬ አለቃዬ አየኝና፣ «አንተ ዛሬ እዚህ የለህም» አለኝ።

አሁንም ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ምስጋናው


እንጅባራ፣ ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምስጋናው፤

ልጄ፣ ያለ መልስ ያስቀመጥሁህን ይቅር በለኝ። የምጽፈው መልካም ነገር አልነበረኝም፤ መጥፎውን ደግሞ እሷ እጅ ላይ አስቀምጬ ልልክ አልቻልሁም።

አሉሚኒየሙ እውነት ነው። ግቢው ውስጥ ተኝቷል። ዓይኖቹን ጠርገናል፣ ጠጠሩን ለቅመናል፤ ደጉ የሰው ዱላ ሁሉ ተቀብሎ ማስቀመጥ ጀምሮ ከግማሹ ከተማ ጋር ተጣልቷል። አይ፣ በሩ ይቆማል። የገና ማግሥት የአገር ሽማግሌዎች ሆቴሉን ሊያዩ መጥተው ከመካከላቸው አንዱ መስታወቱ ውስጥ ተይዘው ቀሩ። ደጉ መብራት አጥፍቶ በእጁ ገፍቶ አወጣቸው። አቶ ወገኔ አልተቆጣም። ይህ ሰው ሲነድ አውቀዋለሁ፤ ውስጥ ውስጡን ሲከስል ግን አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁ።

ያኔ ጥያቄህ ትዝ አለኝ፤ ሁሉም ሲገባ ነው ወይስ አንዳንዱ? ወንበር አውጥቼ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። ፈተና እንደሚጠብቅ መምህር አየሁ። የባንክ ሠራተኛ ስልኩን እያየ ገባ፤ በሩ ዞረ። ሹፌር ገባ፤ ዞረ። ከባሕር ዳር የመጡ ሰዎች ከነሻንጣቸው ገቡ፤ ዞረ። ጋቢ የለበሰ አንድ ሰው መጣ፤ መስታወቱ መካከል ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሩም ቆመ። ሰውየው ምንም አልደነገጠም። አንገቱን ቀና አድርጎ አንድ ነገር ተናገረና በትዕግሥት ጠበቀ። ከወፍራሙ መስታወት ወዲህ ምንም አይሰማም። በሩን ለመነ ወይስ ጸለየ ብዬ አሰብሁ። ከእሱ በኋላ የመጡት ባልና ሚስትም እንዲሁ።

የገባኝ እናትህ ስትመጣ ነው። ዋጋዬ ለገበያ ወርዳ፣ ልጄ ያስመጣውን በር ሳላይ አልሄድም ብላ መጣች። መስታወቱ ውስጥ ገባች። ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጠበቀች። ደግማ ተናገረች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠና በሩን በአገውኛ ትናገረው ጀመር። እናትህ አገውኛ የምታወጣው ለበሬና ለምትወደው ሰው ነው፤ በዚያ ሰዓት ለየትኛው እንደሆነ መስታወቱ አላሰማኝም። ደጉ ገፍቶ ሲያወጣት በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«አድማሴ፣ አዲስ ቤት ገብቼ ‹ቤት ለእምቦሳ› ስል ‹እምቦሳ እሰሩ› የሚል አንድ ሰው ይጠፋል? ይኼን ሁሉ መስታወት ከምትሰቅሉ አንድ አፍ ያለው ሰው ብታስቀምጡ ምናለ?»

ምስጋናው፣ እዚያው ወንበሬ ላይ ጉልበቴን ረሳሁት። በሩ የፈራው ጨዋነትን ነው። ሰዉ አዲስ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ይመርቃል፤ ምርቃቱ ሳይመለስለት አልፎ መግባት ነውር ነው። ደጃፉ የት እንደሆነ ግን በዚህ በር ላይ አይታወቅም፤ ለሁሉም ደጃፍ የሚመስለው መስታወቱ መካከል ነው። እዚያ ይቆማል፣ ይመርቃል፣ መልስ ይጠብቃል። የሚመልስለት ሰው አይሰማውም። በሩም ሰውየውን ይጠብቃል። ሁለት ጨዋዎች ተፋጠው ይቀራሉ። ዶሃ ያሉት በሮችህ የማይፈሩት የሚመርቃቸው ስለሌለ ነው።

እርግጥ ችግሩ በራሱ ጊዜ ይፈታል። የአዊ ዞን ሕዝብ በሙሉ አንድ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ቤቱ አዲስ መሆኑ ይቀራል። አቶ ወገኔ ግን እስከ ጥር 23 ነው ያለው።

ቶሎ ጻፍልኝ። ይህን ገጽ ፎቶ የምታነሣው ልጅ በሚያስነባው ሳይሆን በሚያስቀው ቦታ ላይ ዕንባዋን እየጠረገች ነው።

አጎትህ አድማሴ


ዶሃ፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመምህር አድማሴ፤

ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መሰላል ላይ ነበርሁ፤ ከሳቄ የተነሣ ወርጄ ነው ያነበብሁት። እማዬን እጇን ይሳሙልኝ። እኔ ሞተር ስጠረጥር፣ ጉም ስጠረጥር፣ እኔ ራሴ ያደግሁበትን ምርቃት ረሳሁት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ ሰው ሲጠጋ ድምፅ የሚያሰማ ትንሽ ስፒከር አለ፤ ሱቆች «እንኳን ደህና መጡ» የሚሉበት ዓይነት። የፈለጉትን ድምፅ መቅዳት ይቻላል። በባትሪ ነው የሚሠራው። ከበሩ ውጭ፣ ሰው መስታወቱ ውስጥ ሳይገባ በፊት ባለው ቦታ ይስቀሉት። «እምቦሳ እሰሩ፤ ግቡ» ይበል። ምርቃቱ ውጭ ከተመለሰለት ሰው መካከል ላይ አይቆምም። ወለሉ ላይ ደግሞ ደጃፉ የት እንደሆነ የሚያሳይ ሰፊ ምንጣፍ ያንጥፉ። በሩን ወደ ቀስታው ጉዞ ያዙሩት፤ ከክዳኑ ሥር የሽማግሌ ሥዕል ያለበት ማዞሪያ አለ።

ድምፁ የሴት ቢሆን ጥሩ ነው። ማንም ትሁን። ለምሳሌ ማተሚያ ማሽን አጠገብ የምትቀመጥ።

ይህን መስመር ስታትም አይታዋለች። ትየው።

ልጅዎ ምስጋናው


እንጅባራ፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምስጋናው፤

የዘገየውን የሚያደርስ፣ የቆመውን የሚያዞር አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ጉልበቴ ተሽሎታል፤ ምክንያቱን ስትጨርስ ታገኘዋለህ።

ስፒከሩን አቶ ወገኔ ራሱ ከባሕር ዳር አስመጣው። ቤዛዊት ቃሉን ስትቀዳ ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጥታ ነው። በዓሉ ዕለት ፈረሰኞቹ በየመልኩ አጊጠው በዋናው መንገድ አለፉ፤ ከዚያ ፈረሳቸውን ለደጉ እያስያዙ ሊመርቁ መጡ። አንዱ «ቤት ለእምቦሳ!» ሲል ስፒከሩ «እምቦሳ እሰሩ፤ ግቡ» አለው። «አሜን» ብሎ ገባ። በሩ ዞረ። ሌላው መጣ፤ ዞረ። አቶ ወገኔ ቀኑን ሙሉ ከምንጣፉ ዳር ሳይነቃነቅ ዋለ። አንድ ጊዜ ዘወር ብሎ «ነፋሱም ቀርቷል» አለኝ፤ ከእሱ አፍ ይህ ረጅም ንግግር ነው። እንዳልካቸውም መጥቶ መረቀ፣ ገባ፣ በላ። ጨዋ ልጅ ነው፤ በአሉሚኒየሙ የማድ ቤቱን መስኮት በክፍያ ሊሠራ ተዋዋለ።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ሆነን ወደ ሆቴሉ ሄድን። እኔ፣ የእናትህ የንስሐ አባትና እኒያ መስታወቱ ውስጥ ተይዘው የነበሩት ሽማግሌ። እሳቸውን የመረጥኋቸው ለበሩ ይቅርታ እንዳደረጉ አቶ ወገኔ እንዲያይ ነው። ወጉ እንደሚያዘው፣ ቃል ሳይሰጠን አንገባም ብለን ምንጣፉ ላይ ቆምን። አቶ ወገኔ በጎን በር ወጥቶ ፊት ለፊታችን ቆመ። ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው። በጉዳዩ ዙሪያ የሚዞር ረጅም መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን አጭር ሆነ።

«አቶ ወገኔ፣ የእህቴን ልጅ ምስጋናውን ልጅ አድርገህ ልጅህን እንድትሰጠው ልንለምን ቆመናል። ቤት ለእምቦሳ።»

«እምቦሳ እሰሩ፤ ግቡ» አለ የቤዛዊት ድምፅ።

አቶ ወገኔ ወደ ስፒከሩ ቀና ብሎ አየ። የንስሐ አባት ወደ መሬት አዩ፤ እየሳቁ እንደነበር በጢማቸው አወቅሁ።

«እኔ አፌን ሳልከፍት ተመለሰ ማለት ነው» አለ አቶ ወገኔ በመጨረሻ።

«ማሽን ነው፤ እሱን አንቆጥርም። እኛ የምንጠብቀው ያንተን ቃል ነው» አልሁት፤ ትክክለኛው ነገር እሱ ስለሆነ።

ያኔ ደጉ ከጀርባችን ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ስፒከሩን እኮ ባትሪው አልቆ ትናንት ማታ አውርጄዋለሁ። የተሰቀለው ባዶ ቀፎው ነው።»

ሁላችንም ወደ ጎን በሩ ዞርን። ገርበብ ብሏል። ቤዛዊት እዚያ ቆማለች፤ እጇ ላይ የምታትመው ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ግን ባዶ ነው። አባቷ ለረጅም ጊዜ አያት። እሷም ዓይኗን ሳትሰብር አየችው።

«ልጄ ግቡ ካለች እኔ ውጡ ልል ነው?» አለና ለሽማግሌዎቹ ቦታ ለቀቀ። በዋናው በር ገባን። አንድ በአንድ፣ በቀስታው ጉዞ፣ ሳንቆም። ጉልበቴ ያን ጊዜ ነው የተሻለው።

ዛሬ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ይዤ ጠረጴዛዋ ጋ ስሄድ ቀድማ ተናገረች።

«መምህር፣ ጥጃው ታሰረ?»

ታሰረ አልኋት።

«እንግዲያው ይንገሩት። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ በፊት ‹ሰላም› ብሎ ይጽፍልኛል፤ ሳልመልስለት ያጠፋዋል። ስልኬ ግን አሳይቶኝ ነው የሚጠፋው። አንዱን ሳያጠፋ ይላከው።»

እናትህ ለሠርጉ የምትዘጋጀው አሁኑኑ ነው፤ ማንም ሊያስቆማት አልቻለም። በሩ እየዞረ ነው። ከዚህ ሌላ የምልህ የለኝም፤ ከአንድ ነገር በቀር። ስትመጣ ደጃፍ ላይ ቆመህ እንዳትጣራ። የአንተ ምርቃት ተመልሶልሃል፤ ዝም ብለህ ግባ።

አጎትህ አድማሴ